ቁልፍ ያለው የአለምነህ ሳጥን

ደባርቅ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በቅሎ አከራዮች ከሚቆሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የያርጋል ሱቅ አለች። ፎቶ ይነሳባታል፣ ስልክ ቻርጅ ይደረግባታል፣ ዘፈን ይጫንባታል። አናጢው ይግዛው በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ወደዚያች ሱቅ የገባው በብብቱ ሥር አንድ የጥድ ሳጥን ይዞ ነው።

ያመጣው የወንድሙ የአለምነህ ጉዳይ ነው። አለምነህ ጊታር ይዞ ሮክ ኤንድ ሮል የሚዘፍን፣ ደባርቅ አንድ ብቻ የነበራት ሰው ነበር። በሕይወቱ አንድ ካሴት አወጣ፤ ሰባት ካሴት ሙሉ ያልወጣ ዘፈን ትቶ አምና ሞተ። አሁን እስራኤል የሚኖር አቪሃይ የሚባል ልጅ ያልወጡትን ዘፈኖች በሸክላ ሊያሳትማቸው፣ ከትንሽ መጽሐፍ ጋር በሳጥን አድርጎ ሊያወጣቸው ተነስቷል። የአቪሃይ አባት ታገኘ ከዳባት ወዲህ ካለች መንደር ወጥቶ እስራኤል የገባ፣ የአለምነህ የልጅነት ጓደኛ ነው። አባትና ልጅ ዛሬ ከጎንደር እየመጡ ናቸው። ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱን ሥራ የያዘው ያርጋል ነው፤ የናሙናውን ሳጥን የሚሠራው ደግሞ ይግዛው።

ይግዛው ስለ ዘፈኖቹ ብዙም አይጨነቅም። አለምነህ ካሴቶቹ ላይ በዘፈንና በዘፈን መካከል ያወራል፤ ሲያወራም «ይግዙ» እያለ ይጠራዋል። ከእናታቸው ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራው ሌላ ሰው አልነበረም። የመጣው ያ ንግግር የት እንደ ደረሰ ለማጣራት ነው። ግን ገና ከበሩ ሳያልፍ ጠቡ በሳጥኑ ተጀመረ።

ያርጋል፦ ቁልፍ! ቁልፍ ለምኑ ነው፣ አንተ ሰውዬ?

ይግዛው፦ ለሳጥኑ።

ያርጋል፦ ለሳጥኑ መሆኑንማ አያለሁ። የዘፈን ሳጥን እኮ ነው! ሰው ገዝቶ ቤቱ ወስዶ፣ ደስ ባለው ሰዓት ከፍቶ ሊሰማው ነው።

ይግዛው፦ በቁልፉ ይክፈተዋ።

ያርጋል፦ ዘፈን ለመስማት ቁልፍ ሲፈልግ ይዋል?

ይግዛው፦ እኔ ሠላሳ ዓመት ሳጥን ስሠራ ቁልፍ የሌለው ሠርቼ አላውቅም። ቁልፍ ከሌለው መሶብ ነው።

ያርጋል፦ ፈረንጅ አገር ይሄ ነገር በካርቶን ነው የሚሠራው። በካርቶን! ዘፋኙ ይሞታል፤ ሰዎቹ ጓዳውን ይፈትሻሉ። ያንጎራጎረውን፣ የተሳሳተውን፣ ራሱ የጣለውን ሁሉ ይለቅሙና ካርቶን ውስጥ ከተው ያወጡታል። አንዳንዱማ ከሞተ በኋላ ያወጣው በሕይወቱ ካወጣው ይበልጣል።

ይግዛው፦ አለምነህ በሕይወቱ ከቀትር በፊት አይነሳም ነበር። አሁን ሊተጋ ነው በለኛ።

ያርጋል፦ ነፍሱን ይማረውና፣ ሊቅ ነበር። አንተ ወንድሙ ብትሆንም የማውቀው እኔ ነኝ። ይሄን ዘመናዊ ነገር ለእኔ ተውልኝ። ስልክህ ላይ አርባ ዘፈን የጫንኩልህ ማን ነው?

ይግዛው፦ አንተ ነህ። የእናቴንም ፎቶ ያጠፋኸው አንተ ነህ።

ያርጋል፦ እሱ ቦታ ይይዝ ነበር።

ይግዛው፦ ይሆናል።

ያርጋል፦ ክፈተው እስቲ፣ ውስጡን ልየው። ምንድን ነው የሚንኳኳው?

ይግዛው፦ ቆይ፣ ታየዋለህ።

[ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ያርጋል ወረቀት አንስቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

ያርጋል፦ ይልቅ ይሄን ስማ። ለመጽሐፉ የጻፍኩት ነው። «ሦስተኛው ዘፈን። እዚህ ላይ አለምነህ ከጊታሩ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ያወጣል። ሸርር… ሸርር… እያለ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል። የስሜንን ገደል ነፋስ ያስታውሳል።»

ይግዛው፦ ሸርር የሚለው? መጨረሻ ላይ ጓ! ብሎ የሚያቆመው?

ያርጋል፦ ምሥጢሩ እሱ ላይ ነው! ያ ጓ የሚለው ሞት ነው። ጽፌዋለሁ። «የሰው ልጅ ሕይወት ሳይታሰብ መቋረጡን ያመለክታል።»

ይግዛው፦ እሱ እንኳ ጣውላው ነው።

ያርጋል፦ የምን ጣውላ?

ይግዛው፦ ስቆርጠው የወደቀው። የሃብተ ጊዮርጊስን በር ስሠራ ነው። አለምነህ እኔ ሥራ ቤት አልነበር የሚቀዳ? ሸርር የሚለው መጋዜ ነው።

ያርጋል፦ (እየሳቀ) አየህ ይግዛው፣ ሙዚቃ ጆሮ ይፈልጋል። መጋዝና ጊታር የማይለይን ሰው እንዴት አድርጌ ላስረዳ?

ይግዛው፦ መጋዙንስ እለየዋለሁ። የማልለየው ጊታሩን ነው።

ያርጋል፦ በቃ ተወው። ወደ ከባዱ ልምጣ። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ዘቢደር በዚህ አታልፍም?

ይግዛው፦ ገበያ ናት። ምነው?

ያርጋል፦ የወንድምህ ሚስት ይሄን ባትሰማ ነው የሚሻላት። ስድስተኛው ካሴት ላይ ሴት አለች።

ይግዛው፦ የምን ሴት?

ያርጋል፦ ቀጭን ድምፅ ያላት፣ ጥድፍድፍ የምትል። የእሱን ዘፈን ነው የምትዘፍነው። «ስሟ ያልተገለጸ የልቡ ወዳጅ» ብያታለሁ።

ይግዛው፦ እስቲ አሰማኝ።

[ያርጋል ኮምፒውተሩን ይነካካል። አንድ ቀጭን ድምፅ እየተጣደፈ ይዘፍናል። ይግዛው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ ይመጣል።]

ይግዛው፦ ይቺማ አለምነህ ናት።

ያርጋል፦ ናት?!

ይግዛው፦ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ድንጋይ የቀዳው ነው። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ቀስ እያለ ይቀዳል። ኋላ በደህና ድንጋይ ስታጫውተው ወንዱ ሴት ሆኖ ይመጣል። ስንት ቀን ስቀንበታል። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ በጥርሳችን ነከስነው፣ እንቢ አለ።

ያርጋል፦ ሴትዮዋ እኮ መጨረሻ ላይ ታለቅሳለች!

ይግዛው፦ እሱ ሳቁ ነው።

ያርጋል፦ (ትከሻውን መታ መታ እያደረገው) አይዞህ። ሰው ወንድሙ ሲሞትበት ሁሉ ነገር ወንድሙን ይመስለዋል። አይፈረድብህም።

ይግዛው፦ ይሆናል። ዘቢደር ከሰማች ግን ያችን ሴት ውለድ የምትለው አንተን ነው።

[ያርጋል በሩን አየት ያደርጋል። ከዚያ እስክሪብቶ ያነሳል።]

ያርጋል፦ «የልቡ ወዳጅ» የሚለውን «የአክስት ልጅ» አደርገዋለሁ።

ይግዛው፦ ንግግሩስ?

ያርጋል፦ የቱ ንግግር?

ይግዛው፦ በመሀል በመሀል የሚያወራው።

ያርጋል፦ እሱን አጸዳሁት!

ይግዛው፦ አጸዳሁት ስትል?

ያርጋል፦ ቆረጥኩታ! ሳል፣ የውሻ ጩኸት፣ ወሬ… «ውሃ ስጡኝ»፣ «በሩን ዝጉት ብርድ ገባ»። ይሄ ዘፈን ነው? የአንድ ሰዓት ቆሻሻ ነው ያወጣሁለት። አሁን ብትሰማው እንደ መስታወት ጠርቷል።

ይግዛው፦ «ይግዙ» የሚልበትስ?

ያርጋል፦ እሱማ መች ያልቃል! ይግዙ እንዲህ፣ ይግዙ እንዲያ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ላይ ቆርጬዋለሁ።

[ይግዛው መዳፉን ሳጥኑ ላይ አድርጎ የክዳኑን ጠርዝ፣ ለስልሶ እንደ ሆነ እንደሚያይ ሰው፣ ደጋግሞ ይዳብሳል።]

ይግዛው፦ የቆረጥከው ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም?

ያርጋል፦ ቦታ ይይዛል፤ አጠፋሁት።

ይግዛው፦ ካሴቶቹስ?

ያርጋል፦ ከተገለበጡ በኋላ ምን ያደርጋሉ? ክራቸውን መዝዤ ለአማቼ ለላቀው ሰጠሁት። ገብሱን ወፍ ፈጅቶበት ነበር፤ ማሳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ወጥሮታል። በነፋስ ሲንጫጫ ብታየው!

ይግዛው፦ ሰባቱንም?

ያርጋል፦ ሰፊ ማሳ ነው።

ይግዛው፦ ወፎቹስ?

ያርጋል፦ ድራሻቸው ጠፋ!

ይግዛው፦ አለምነህ ቡይት ራስ፣ የቱሪስቶቹ ሎጅ ውስጥ ሲዘፍንም እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

[የያርጋል ስልክ ይጮኻል። የድምፅ መልእክት ነው። ያርጋል ይግዛውም እንዲሰማ ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል።]

የታገኘ ድምፅ፦ ያርጋል፣ እንዴት አረፈድህ? ዳባት ደረስን። አቪሃይ ንገረው ያለኝ ነገር አለ። የምንፈልገው ካሴቶቹን ራሳቸውን ነው፤ ከእነሱ ነው የሚቀዳው። ደግሞ አደራህን፣ ወሬውን እንዳትነካው። ዘፈኑንስ እኔም በልቤ ይዠዋለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት የናፈቀኝ ሲያወራ ነው። በል፣ መጣን።

[ያርጋል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ይደፋዋል።]

ያርጋል፦ ዳባት ደረስን ነው ያለው?

ይግዛው፦ ዳባት ነው ያለው።

ያርጋል፦ ከዳባት እዚህ ስንት ደቂቃ ነው?

ይግዛው፦ እንደ መኪናው ነው።

ያርጋል፦ ባጃጅ! የአበባየሁን ባጃጅ ጥራልኝ! ማሳው ሄደን ክሩን እንለቅመዋለን፣ በእርሳስ መልሰን እንጠቀልለዋለን…

ይግዛው፦ ሰባቱን በአንድ እርሳስ?

ያርጋል፦ አትቀልድብኝ! ወይኔ፣ ላቀው አንዱን ካንዱ እየቋጠረ ነው የወጠረው! ሦስተኛው ከስድስተኛው ጋር ተቀላቅሏል!

ይግዛው፦ እንግዲያው ያች ሴትዮ መጋዝ ይዛ ልትመጣ ነው።

ያርጋል፦ (ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ) አለቀልኝ። ለሰዎቹስ የሆነ ነገር እላለሁ፤ አይጥ በላው እላለሁ። ላንተ ግን ምን እላለሁ? አንተን ነው የበደልኩ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ስምህን ሲጠራ እየሰማሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይሄ ሰው ወንድሙን ይፈልገው ይሆናል አላልኩም።

[ይግዛው ኪሱን ይዳብሳል። ከመሐረብ፣ ከእርሳስና ከሁለት ምስማር መካከል ትንሽ ቁልፍ ያወጣል። ሳጥኑን ይከፍታል። ሰባት ካሴቶች በአሮጌ ሹራብ እጅጌ ተጠቅልለው፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል።]

ያርጋል፦ ምንድን ናቸው እነዚህ?

ይግዛው፦ ካሴቶቹ።

ያርጋል፦ ገብሱ ላይ ያሉትስ?

ይግዛው፦ ቅጂ ናቸው። ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀመጥኩ፤ አንዱ ሲዘፍን አንዱ ይሰማ ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ ሥራ ፈታሁ። በሩን ዘግቼ፣ መጋዝ ሳልነካ።

ያርጋል፦ አንተ! ቅጂ ነው የሰጠኸኝ? እኔን? አንድ ማኅበር እየጠጣን?

ይግዛው፦ እኛ ደህናውን ጣውላ ከመቁረጣችን በፊት የመጋዙን ስለት በቁራጭ እንጨት እንሞክራለን። ንግግሩን ሳትነካ ካገኘሁህ ዋናውን ዛሬ ላስረክብህ ነበር የመጣሁ።

[ያርጋል አቧራ የለበሰውን የሱቁን ቴፕ ከመደርደሪያው ያወርዳል፣ በእጅጌው ይጠርገዋል። ይግዛው ሦስተኛውን ካሴት መርጦ ያስገባል። ጊታር ይሰማል፤ ከኋላው ሸርር… ሸርር… ከዚያ የአለምነህ ድምፅ ይመጣል።]

የአለምነህ ድምፅ፦ ይግዙ! መጋዙን ተወው እንጂ፣ እየቀዳሁ ነው።

[ሸርር የሚለው ይቆማል። ጊታሩ ብቻውን ትንሽ ይሄድና እሱም ይቆማል።]

የአለምነህ ድምፅ፦ ኧረ ቀጥል፣ ይግዙ። ያለሱ ባዶ ሆነ።

[ሸርር… ሸርር… ጓ! ሁለት ሰዎች ይስቃሉ። ያርጋል ቴፑን ያቆመዋል። ይግዛው መሐረቡን አውጥቶ ምንም ያልነካውን ካሴት ማቀፊያ ይጠርጋል።]

ያርጋል፦ ይሄንን እኮ እኔ ቆርጬዋለሁ።

ይግዛው፦ ካሥራ ዘጠኙ አንዱ ነው።

ያርጋል፦ (እስክሪብቶውን ፈልጎ) «መጋዝ፣ በይግዛው» ብዬ ልጻፍ?

ይግዛው፦ ጻፍ።

ያርጋል፦ ያ ሞት ያልኩትስ?

ይግዛው፦ የሃብተ ጊዮርጊስ በር ነው በለው። እስከ ዛሬ ይዘጋል ይከፈታል።

[ከደጅ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ያርጋል ብድግ ብሎ ኮቱን ያስተካክላል።]

ያርጋል፦ መጡ! ይግዛው፣ የገብሱን ነገር ለታገኘ አትንገረው። በሚካኤል ይዠሃለሁ።

ይግዛው፦ እኔ አልናገርም። ወፎቹ ካልነገሩት።

ያርጋል፦ ካሴቶቹን ይዘው ይሂዱ ትላለህ?

ይግዛው፦ እኔ ሥራ ቤት ይምጡና አጠገቤ ተቀምጠው ይቅዱ። ወሬውንም ሁሉ፣ ሳሉንም። ታገኘ እስኪጠግብ ይስማው። ሳጥኑ ግን ከቤቴ አይወጣም።

ያርጋል፦ ልክ ነህ። ቁልፉም ልክ ነው፣ አሁን ገባኝ። እንዲያውም ሁለት ቁልፍ አድርግለት። አንዱ ባንተ እጅ ይሁን፣ አንዱ እኔ ሱቅ ይቀመጥልህ።

[ይግዛው ሳጥኑን ይቆልፋል። ቁልፉን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ይከትና ሳጥኑን በብብቱ ይይዛል።]

ይግዛው፦ ተወው፣ ያርጋል። አንተን አላስቸግርም። ቦታ ይይዝብሃል።