ሊቀ መንበር ክላይቭ ኳሷን ከዝይ ሥር ያስለቀቁበት ዘመቻ

በዘመነ መንግሥቱ ለክላይቭ ወልደ ኸርበርት፣ የኦስግሬቭ ሮቨርስ ሊቀ መንበር፣ ሣር አጫጅ፣ መስመር ቀቢ፣ የመታጠቢያ ቤት ቁልፍ ያዥ፣ ነፋስ የተመልካቹን ዳስ ጣራ ነቅሎ ወደ ላም በረት በወሰደው ዓመት ማግስት፣ ወርኃ ሚያዝያ በገባ፣ ዕለቱም ቅዳሜ ሳለ፣ ይህ የምንጽፈው ነገር ሆነ።

ይህን ክለብ አስቀድመው ያቆሙት የጡብ ምድጃ ሠራተኞች ናቸው። በቀዳማዊው ሊቀ መንበር ዘመን አንድ ዋንጫ በላ፤ ዋንጫውም በዳግማዊው ዘመን ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ ዘመነ ዝናብ ይባላል። በዚያችም ዓመት አንዱን ጨዋታ ጎርፍ፣ አንዱን ጨዋታ የመብራት መጥፋት አቋርጦባቸው ነበርና የሊጉ ሹማምንት ተቆጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ኦስግሬቭ ሆይ፣ ስማ። ሦስተኛ ጨዋታ በሜዳህ የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ ወይም የመጨረሻውን ጨዋታ ያላሸነፍህ እንደ ሆነ፣ ከሊጋችን ውጣ።»

ከዚያ ሊግ በታች ደግሞ እሑድ እሑድ ከነስካራቸው በመናፈሻ ከሚራገጡ ሰዎች በቀር ሌላ ሊግ አልነበረም።

የመጨረሻውም ጨዋታ ቀን ደረሰ። ሊቀ መንበር ክላይቭ፣ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ነጂነት የፈጸሙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው፣ ሚስታቸው ዶሪን በክለቡ ቀለም በቀይና በነጭ ክር የሠራችላቸውን ቆብ ደፍተው ከሜዳው ዳር በወንበራቸው ተሰየሙ። ይህም ቆብ ዘውዳቸው ነበር፤ ዶሪን ካረፈች ወዲህ ከመኝታ በቀር አውልቀውት አያውቁም።

ተጋጣሚያቸው ክራግሊ ታውን ነበር፤ ከኮረብታው ማዶ የሚኖር፣ አፉ ከእግሩ የሚፈጥን ወገን። ከዕረፍት በኋላ አንድ የማዕዘን ምት በነፋስ ተገፍቶ፣ ከክራግሊው በረኛ ጀርባ ጋር ተጋጭቶ ገባና ኦስግሬቭ አንድ ለባዶ መራ። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ሊቀ መንበሩ «ሰዓት ግደሉ» ብለው አዘዙ። የኋላ ደጀን የሆነው ብራድሊ እጅግ ታዛዥ ሰው ነበርና ኳሷን ባለ በሌለ ኃይሉ ጠለዛት፤ እርሷም ሜዳውን ተሻግራ፣ የጡቡን አጥር ዘልላ፣ ወደ ሜዳው ጎረቤት ወደ ወይዘሪት ታስከር ጓሮ ገባች። እዚያ ጓሮ የገባች ኳስ በአጥር ዘላይ እጅ እንጂ በሌላ መንገድ ተመልሳ አታውቅም።

ሌላ ኳስ ቢፈለግ፣ አንደኛዋ ጠዋት ፈንድታለች፤ ሁለተኛዋን ወንዝ ወስዷታል። የክራግሊ ኳሶች በአውቶቡሳቸው ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ቁልፉ ከሹፌሩ ጋር ነው፤ ሹፌሩ ዓሣና የድንች ጥብስ ሊበላ ሄዷል፤ ክራግሊዎችም ሹፌራቸውን ለማስፈለግ የቸኮሉ አይመስሉም ነበር። ይልቁንም «እናንተዬ፣ ፊኛ እናዋጣላችሁ?» እያሉ ይሳለቁ ጀመር። ዳኛውም ሰዓታቸውን አይተው፣ «ሩብ ሰዓት እታገሣለሁ፤ እስከዚያ ኳስ ካልመጣ ጨዋታው ተቋርጧል» ሲሉ አስታወቁ።

ብራድሊ እንደ አባቶቹ ልማድ በአጥሩ ሊዘልል አንድ እግሩን ሰቀለ፤ ከወዲያ ማዶ ግን እንደ እባብ ያለ የፉጨት ድምፅ በተሰማ ጊዜ እግሩን መልሶ አወረደ። ያን ጊዜ የሊቀ መንበሩ ልብ ከበደ። አባታቸው ኸርበርት ይህን ሣር ሲያጭዱ ኖረው አልፈዋል፤ እርሳቸውም ከዶሪን ሞት በኋላ ቅዳሜን የሚያሳልፉበት ሌላ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ማንም አድርጎት የማያውቀውን ነገር ሊያደርጉ ቆረጡ፦ በመንገዱ ዞረው የፊት ለፊቱን በር ሊያንኳኩ።

ወእምዝ ሠራዊታቸው እንዲህ ሆኖ ተነሣ። በቀኛቸው የጓዳ አዛዥ ግሌኒስ፣ የሻዩና በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው የሥጋ ፓይ እመቤት፣ መቆንጠጫዋንና አንድ ፓይ እንደያዘች፤ በግራቸው የበሩ አጋፋሪ ኖርማን፣ ጉልበቱ የሚያነክስ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ ዣንጥላ ዘርግቶ፤ በኋላቸው ብራድሊ በታኬታው አስፋልቱን እያንቋቋ፤ ከብራድሊም ኋላ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ ተከተለ።

ወይዘሪት ታስከር የመንደሩን ሰው ሁሉ፣ ሊቀ መንበሩንም ጭምር፣ ፊደል ያስቆጠሩ ባልቴት ነበሩ። በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ክላይቭ፣ እግርህን ጠረግህ?»

ገና ደጅ ቆመው ሳሉ ሊቀ መንበሩ እግራቸውን ጠረጉ፤ ግሌኒስና ኖርማንም ጠረጉ።

«ወይዘሪት ታስከር፣ ኳሳችን ጓሮዎ ገብታለች፤ እባክዎ...»

«ቆይ። ስንት ዘመን ሙሉ ኳስ ሲዘንብብኝ በዚህ በር አንድ ሰው አንኳኩቶ ያውቃል? ሁሉም አጥር ዘላይ ነው። ጎመኔን ረግጦ፣ ኳሱን አፍሶ፣ እብስ። እዚህ ቤት ሰው ይኑር አይኑር የጠየቀ የለም።»

ሊቀ መንበሩ ስለ ሊጉ፣ ስለ ሩብ ሰዓቱ፣ ስለ ጡብ ሠራተኞቹ ሊናገሩ አስበው ነበር፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ትተው «እውነትዎን ነው» ብቻ አሉ።

ባልቴቷም በዚህ መልስ ጥቂት ረገቡ፤ ሆኖም «አጥር መዝለል ቀርቶ በር እንዲንኳኳ በዚያ በሚጮኸው መሣሪያችሁ አስነግሩልኝ፣ አለዚያ ኳስ የለም» አሉ። ሊቀ መንበሩ ቃሉን ለብራድሊ አስጠኑት፤ ብራድሊ ሮጠ፤ ጥቂትም ቆይቶ በድምፅ ማጉያው በኩል ትንፋሹ እየተቆራረጠ አዋጁ ተሰማ፦

«ስማ፣ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ከዛሬ ጀምሮ ኳስ ወደ ወይዘሪት ታስከር ጓሮ የሰደድህ፣ የኦስግሬቭም ሰው ብትሆን፣ የክራግሊም ሰው ብትሆን፣ በመንገድ ዙር፣ በር አንኳኳ፣ እባክዎን በል። ጎመን አትርገጥ። በአጥር የተገኘ ዓመቱን ሙሉ የመታጠቢያ ቤቱን ያጥባል... ይቅርታ ያድርጉልን፣ ወይዘሪት።»

የመጨረሻዋ ቃል በአዋጁ ውስጥ አልነበረችም፤ ብራድሊ ከራሱ ጨመራት። ወይዘሪት ታስከርም «ይኼን ልጅ ማንበብ ማስተማር እንኳ አስቸግሮኝ ነበር» ብለው የጓሮውን በር ከፈቱ።

ኳሷ በጎመኑ መደብ መካከል ነበረች። በላይዋም ሙሪኤል የምትባል ነጭ ዝይ ክንፎቿን ዘርግታ ታቅፋት ነበር።

«እንቁላል መስሏታል» አሉ ወይዘሪት ታስከር። «በጉልበት እንዳትነካት፤ ዘንድሮ አንድም አልተፈለፈለላት።»

ግሌኒስ ቀርባ የሥጋ ፓይ አቀረበች፤ ዝይዋ ፓዩን በላች፤ አልተነሣችም። ኖርማን ዣንጥላውን ዘግቶ እያሽኮረመመ ተጠጋ፤ ዝይዋ የሱሪውን ቁልፍ ቆርጣ ዋጠች። ከአጥሩ ማዶ ክራግሊዎች የቀረውን ደቂቃ በዜማ ይቆጥሩ ነበር። ወይዘሪት ታስከርም፣ በቦታው የምታቅፈው ሌላ ክብ ነገር ካላገኘች አትነሣም ብለው ፈረዱ።

ያን ጊዜ ሊቀ መንበር ክላይቭ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ። እጃቸው ቆቡ ላይ ደርሶ ቆመ። ግሌኒስ ፊቷን አዞረች። ከዚያም ዘውዳቸውን አወለቁ፤ ጓንታቸውንና የአንገት ልብሳቸውን ጠቅጥቀው ከሞሉበት በኋላ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በጭቃው ላይ ተንበርክከው ከዝይዋ ፊት አኖሩት። ዝይዋ አንገቷን አጣምማ አየችው። በመንቁሯ ነካችው። ተነሣች፤ ተራመደች፤ በቀዩና በነጩ ክር ላይ በቀስታ ተቀመጠች።

ሊቀ መንበሩ ኳሷን አነሡ፤ ትሞቅ ነበር።

«የዶሪን ሥራ አይደል?» አሉ ወይዘሪት ታስከር።

«አዎ።»

«ክሩን የመረጥኩላት እኔ ነኝ። በአንተው አውቶቡስ አብረን ሄደን። እሷ ሰማያዊ ልትገዛ ነበር።»

ሰማያዊ የክራግሊ ቀለም ነበርና ሊቀ መንበሩ ለብዙ ወር ያልሳቁትን ሳቅ ሳቁ፤ ዓይናቸውንም በኳሷ ጠረጉና ፊታቸው ጭቃ ሆነ።

ራሳቸውን ተገልጠው፣ መላጣቸው በዝናብ እያበራ፣ ኳሷን በብብታቸው ይዘው ወደ ሜዳው በገቡ ጊዜ የኦስግሬቭ ሕዝብ ሁሉ ተነሣ፤ ጣራ የሌለው መቀመጫ በዝናብ ስለ ረጠበ ግን የሚበዛው አስቀድሞ ቆሞ ነበር። ዳኛው ኳሷን አገላብጠው፣ አንዲት ላባ ነቅለው፣ ፊሽካ ነፉ። ክራግሊዎች በቁጣ ወረዱ፤ ኳሷን ወደ ግቡ አከታትለው ሰደዱ፤ በመጨረሻም በረኛው ወድቆ ግቡ ባዶ በሆነ ጊዜ ብራድሊ በፊቱ መለሳት፤ በአፍንጫውም ደም ታጥቦ ተዘረረ። ፊሽካውም ተነፋ። ኦስግሬቭ በሊጉ ጸና።

ወይዘሪት ታስከር ካፖርታቸውን ደርበው መጥተው፣ በሊቀ መንበሩ ወንበር ተቀምጠው ነበር።

«ታዲያ ምን አሸነፋችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም። በሚመጣውም ዓመት እንድንጫወት ተፈቀደልን።»

«በዚሁ ጭቃ?»

«በዚሁ።»

ባልቴቷ ሜዳውን፣ የሚተቃቀፉትን ሰዎች፣ ጣራ አልባውን ዳስ አዩና «ነሐሴ ላይ ስትጀምሩ መቀመጫ ያዝልኝ» አሉ።

እንግዲህ ይህን የምታነብ ሁሉ፣ ሌሎች ነገሥታት ዘውድ ሊደፉ አገር ማቃጠላቸውን አስብ፤ ክላይቭ ወልደ ኸርበርት ግን ዘውዱን ከጭቃ አኑሮ መንግሥቱን አዳነ። በረዶ የማይመልሰው፣ ሽንፈት የማይሰለቸው፣ ዝይ የማታስደነግጠው፣ በር አንኳኪው ክላይቭ! ስሙ በኦስግሬቭ ከጡብ ይልቅ ይጽና፤ መላጣውንም ብርድ አይንካው።