ከሰቀለው ሥር የሚተኛው ሰውዬ

«ይሄን የሰቀለው ማነው?» አለ፣ መሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ቆሞ።

ቁልቁል አላየኝም። የሚያየው ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን ቬንትሌተር ነበር፤ ዘግይቶ ሐኪም ቤት የደረሰ ሕመምተኛን እንደሚያዩት አድርጎ። እኔ መሰላሉን ይዣለሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ የተዘጋጀ ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው።

«አንድ ሰው ነው» አልኩ።

«ልጄ ነው» አለች እናቴ። ቀጥላም እንደ ማስተባበያ፣ «ጋዜጠኛ ነበር።»

«አይዞዎት እማማ» አለ ሰውዬው። «ይታከማል።»

የእጅ ባለሙያ የሆነ ሁሉ ሰው ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው ይሄ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ቧንቧውን፣ አናጢው በሩን፣ ጥርስ ሐኪሙ መንጋጋዬን አይቶ ጠይቆኛል። ከእሱ በፊት የነካው ሰው ምንጊዜም ወንጀለኛ ነው። ልዩነቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንጀለኛው እዚያው መሰላል ይዞ አይቆምም።

በእኛ ሕንፃ ይህ ሰው የሚጠራው «ሐኪሙ» ተብሎ ነው። የተማረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ማዕረጉን የሰጡት ጎረቤቶቼ ናቸው። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። በዚህ ጊዜ የሚያወራ ሰው ካለ አንድ ጣቱን ያነሣል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ ዳኛ በዚህ ጣት ዝም ተሰኝተዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ዝም ሲያሰኙ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ታሪኩን ደረጃ ላይ ላገኙት ሁሉ፣ ሽልማት እንደተቀበሉ ያህል ይተርኩታል።

ሲደወልለት «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ይላል። የትኛው ነገ እንደሆነ አይናገርም። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ፋርማሲስት በዚያ ሙቀት ዘጠኝ ቀን ጠብቃዋለች። ሌላ ሰው ላምጣልሽ ወይ ብላት፣ «ሌላ እጅ የነካውን እሱ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ አላስቀይመውም» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ሲመጣ በሩን በፈገግታ ከፈተችለት። እኔ ለምሳ ሩብ ሰዓት ከዘገየሁ ምስክር አቅርብ እባላለሁ።

ቀናሁ። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ አለቃችን «ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ፣ ቃሉን ጻፉት» ይለን ነበር። ቃሉ ይሄው ነው።

እናቴ እኛ ጋ ከገባች አምስት ወሯ ነው። ብቻዋን መኖሯ ይብቃ ሲባል እህቴም ፈልጋት ነበር። ተከራከርን፤ እኔ ረታሁ። መስኮት ያለው ባዶ ክፍል ነበረኝና። ከዚያ ሙቀቱ መጣ፤ መስኮቱ ለካ የከሰዓትን ፀሐይ ፊት ለፊት የሚቀበል ነው። ሁለት ቬንትሌተር ገዛሁ፤ አንዱን ለእሷ ክፍል፣ አንዱን ለሳሎን። የእህቴ ባል የቤቱን ቬንትሌተር የሚሰቅለው በገዛ እጁ ነው። ስለዚህ እኔም በገዛ እጄ ሰቀልኩ።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። የእኔ እዚያው ልብ ውስጥ ቀርቷል።

በአንደኛው ፍጥነት ራሱን ይነቀንቃል። በሁለተኛው ይጨፍራል። ሦስተኛውን አልሞከርንም። የሳሎኑም እንደዚያው ነው፣ ግን ሥሩ የሚተኛ የለም። እናቴ ሥሩ ተጋድማ ዓይኗን አፍጥጣ ታየዋለች፤ ከዚያ ትነሣና አጥፍታው በላብ ትዘፈቃለች። ብሎኖቹን ሁሉ ሦስት ጊዜ አጠበቅኩ። አጥብቆ ጨፈረ። በሳምንቱ እናቴ ሻንጣዋን አወረደች።

«የምሞተው በዕድሜዬ ነው እንጂ በቬንትሌተር አይደለም» አለች። «ቅዳሜ ልጄ ጋ እሄዳለሁ።»

ልጄ ያለችው እህቴን ነው። ቃሉ ለሁለት ሰው እንደማይበቃ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ እኔን ሳታማክር ሐኪሙ ጋ ደወለች። ዕለቱ እሑድ ነበር። ነገ ጠዋት አላት። ሐሙስ መጣ፤ ለቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው።

እሱ ረዳት ይዞ አይመጣም፤ የገባበትን ቤት ሰው ሁሉ ረዳት ያደርጋል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ አታውቅም። ብሎኖቹን በመዳፏ ላይ አስቀመጠላትና «በወረዱበት ተራ ያዢልኝ፤ አንዷ ከጠፋች አንቺን ነው የምሰቅለው» አላት። ሳቀች። እኔ እንዲህ ብላት ኖሮ ለእናቷ ትከሰኛለች። እንቁላል እንደያዘች ሁሉ ሳትነቃነቅ ቆመች።

ባለቤቴ መጥታ መሰላሉን ከእጄ ወሰደች።

«ይዤዋለሁ እኮ» አልኳት።

«ታነቃንቀዋለህ።»

በትዳር ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ በወጣሁበት መሰላል ሥር አንድ ቀን ቆማ አታውቅም።

እናቴ ውሃ ልታመጣ ሄደች። ያመጣችው አፉ ላይ የወርቅ ቀለም ባለው ብርጭቆ ነው። ያ ብርጭቆ የእንግዳ ነው። አብሮኝ አድጓል፤ ከንፈሬን ነክቶ አያውቅም።

«እጅህን ቁርጥማት አይንካው» አለችው። «የማን ልጅ ነህ አንተ? ወላድ በድባብ ትሂድ!»

እሷ የወለደችው እኔን ነው። እኔ ደግሞ አቧራ መጥረጊያ ጨርቅ ይዤ ግድግዳ ተደግፌያለሁ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለኝ ሐኪሙ። «ብርሃኑን ይዘውብኛል።»

ጋሼ! ብበልጠው ሦስት ዓመት ነው።

የሁለቱንም ቬንትሌተሮች ክንፎች ፈታቸው፤ ሦስት ከእናቴ ክፍል፣ ሦስት ከሳሎን። ከዚያ ለባለቤቴ፣ «እህቴ፣ የወጥ ቤት ሚዛን አለሽ?» አላት። ዱቄት የምትለካበትን ሚዛን እያሯሯጠች አመጣችለት። እኔ ያንን ሚዛን አንድ ቀን ለደብዳቤ ብጠይቃት የት እንዳለ አላውቅም ብላኛለች። እሷና ልጄ ሻይ ሊያፈሉ ወጥ ቤት ገቡ። እናቴ ክፍሏ ውስጥ ቀረች። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ክንፎቹን አንድ በአንድ መዘናቸው። መዝኖም ለሁለት ከፈላቸው።

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለቱን ሣጥን ባንድ ጊዜ ነው የከፈቱት?»

«ባንድ ጊዜ።»

«ክንፎቹንስ የት አስቀመጧቸው?»

«እዚህ ወለሉ ላይ።»

«ሁሉንም አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ።»

ሰው እየጠየቅኩ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። በሦስት ጥያቄ ኑዛዜ አግኝቼ አላውቅም።

«ክንፍ ከነወንድሞቹ ነው የሚመጣው» አለኝ። «ባንድ ሣጥን ያሉት ሦስቱ ተመዝነው፣ እኩል ተደርገው ነው የሚታሸጉት። የሌላኛው ሣጥን መልኩ አንድ ቢሆንም ክብደቱ ሌላ ነው። እርስዎ አንዱን ከቤቱ አውጥተው ባዳ ቤት አስገቡት። ቢንቀጠቀጥ ይፈረድበታል?»

ሚዛኑን አየሁት። ልዩነቱ ሃያ ግራም ነው። እናቴ ቤቴን ትታ የምትሄደው በሁለት ማንኪያ ስኳር ነበር።

ቀና ስል እናቴ የሳሎኑ በር ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው። እኔን አልጠየቀችም።

የማውቃቸው ባለሙያዎች ሁሉ የሚኖሩት ለዚህች ደቂቃ ነው። ሰው የሚሰማበት፣ ጥፋቱ በሚዛን የተረጋገጠበት፣ አጥፊው አጠገብ የቆመበት ደቂቃ። አንገቴን ደፋሁ።

«ፋብሪካው ነው እማማ» አለ ሐኪሙ። «ሲያሽጉ ቀላቅለውታል። የልጅዎ አሰቃቀል ንጹሕ ነው። እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምሰቅለው።»

ባለሥልጣናትን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ፊቱ ሳይለወጥ እንዲህ የዋሸ ሰው አልገጠመኝም። የቀኑበት ሰው ባለጌ ቢሆን ምን አለበት? ጨዋ ሲሆን መድረሻ ያሳጣል።

ክንፎቹን በየወገናቸው ገጠማቸው። የእናቴን ክፍል ማብሪያ ተጫነ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ቬንትሌተሩ ጣሪያው ላይ የተሳለ ክብ መሰለ። መጋረጃው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

እናቴ ግን ከአልጋዋ ራቅ ብላ እንደቆመች ነው።

«አሁን ደህና ነው» አለች። «አንተ ስትሄድስ?»

«ከሰቀልኩት ሥር ሳልተኛ አልሄድም» አላት።

ይህን ሕንፃው ሁሉ ያውቀዋል። ጫማውን አወለቀ፤ ጎን ለጎን አደረጋቸው። ወለሉ ላይ ልክ በቬንትሌተሩ ሥር በጀርባው ተንጋለለ፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ዓይኑን ጨፈነ። ሌላ ቤት አምስት ደቂቃ ይተኛል፤ ዳኛው በሰዓት ይዘውለታል። እኛ ቤት በአራተኛው ደቂቃ ማንኮራፋት ጀመረ።

እናቴ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ምንም አልተናገርኩም ነበር።

ጎንበስ ብላ ሻንጣዋን ከፈተች። እንዳይነቃ ብላ ዚፑን በትንሽ በትንሹ ነው የሳበችው። የምትፈልገው ከታች ነበርና ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያወጣች አልጋው ላይ ደረደረች። ሹራቦቿን አወጣች። የመድኃኒት ከረጢቷን አወጣች። መጨረሻ ላይ የታጠፈ አንሶላ መዝዛ ከእግሩ እስከ ደረቱ አለበሰችው።

አርባ ደቂቃ ተኛ። ባለቤቴ የወጥ ቤቱን በር ዘጋች። ስልኬ ሲጠራ ልጄ ወደ በሩ እየገፋች ደረጃ ላይ ወጥቼ እንዳነሣው ላከችኝ። በገዛ ቤቴ በእግሬ ጣት ተራመድኩ። ተመልሼ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል። ያን ቀን የእኛ አምስተኛ ቤቱ እንደነበር ባለቤቴ ኋላ ነገረችኝ።

እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ስድስቱንም ወለሉ ላይ ስትከምራቸው አይቼሃለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቅ መስለኸኝ ነዋ!» የተኛውን ሰውዬ በአገጯ አመለከተችኝ። «እሱን ግን ሰማኸው? ውሸቱ እንኳ እንደ ሙያው ያምራል።»

«አዎ» አልኩ።

አልጋው ላይ ከተደረደሩት ልብሶች ግማሹን አንሥታ ክንዴ ላይ ከመረችልኝ።

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባቸው» አለችኝ። «አጣጥፈህ። እንደዚያ እንደ ክንፎቹ እንዳታደርጋቸው።»

አጣጥፌ አስገባሁ።

ሐኪሙ ሲነቃ ጣሪያውን አየ፤ ቀጥሎ አንሶላውን፤ ቀጥሎ እናቴን። «ይታከማል አላልኩዎትም?» አላት። በወርቃማው ብርጭቆ የቀረውን ውሃ ጠጥቶ ሄደ።

ማታውን እናቴ ቁጥሩን ስልኳ ላይ እንድትጽፍላት ልጄን ጠራቻት።

«ምን ብዬ ልመዝግበው አያቴ?»

«ልጄ በይው።»

እኔ በእናቴ ስልክ ላይ የተመዘገብኩት በሙሉ ስሜ፣ እስከ አያት ነው።

ቅዳሜ እህቴና ባሏ መኪና ይዘው መጡ። እናቴ ምሳ አበላቻቸው እንጂ ስለመሄድ አላነሣችም። ከምሳ በኋላ የእህቴ ባል የእናቴን ክፍል ሊያይ ገባ። አንገቱን አቅንቶ ቬንትሌተሩን በሦስተኛው ፍጥነት ሲዞር አየው። ብዙ ቆየ።

«ይሄን የሰቀለው ማነው?» አለኝ። አጠያየቁ ሌላ ነበር፤ ድምፁ ውስጥ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፣ ሐሙስ ዕለት ስታመምበት ውያለሁ።

«ወንድሜ ነው» አልኩት።

ባለፈው ሳምንት የሳሎኑ ቬንትሌተር ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። እኔ አልነካሁትም። ማክሰኞ ለሐኪሙ ደወልኩለት። ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለ። ዛሬ ዓርብ ነው።