ቀድመን የወጣነውስ?

ስብሰባ ባለበት ሁሉ «ሁለት ነጥብ አለኝ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ነጥቦቹ ሁለት ብቻ ሆነው አያውቁም። ይህ ሰው ጡረታ ከወጣ ደግሞ ጉድ ፈላ፤ ቀኑ ሙሉ የራሱ ስለሆነ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። የደብረ ታቦሩ ሰው ክቡር መምህር ዘውዱ ይባላሉ።

መምህር ዘውዱ ስለ ውኃ በተጠራ ስብሰባ ስለ ጡረታ ይጠይቃሉ። ችግኝ ተከላ ሲሆንም ያው ነው። አንድ ጊዜ የእድሩ ድንኳን ተቀደደ ተብሎ ሲመከር እጃቸውን አወጡና «ድንኳኑስ ይጣፋል፤ ቀድመን የወጣነውስ?» አሉ። ነገራቸው ይኸው ነው፤ ደሞዝ ባደገ ቁጥር አዲስ የሚወጣው ጡረታው ይሻላል፣ ከሃያ ዓመት በፊት የወጣው ግን በድሮው ይቀራል። ከተማው ጥያቄውን በቃሉ ያውቀዋል። መልሱን የሰማ የለም።

ከሁሉ አብልጦ የሚፈራቸው ሙላቴ ነው። የከተማው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስለሆነ ስብሰባ የሚመራው እሱ ነው፤ ደግሞ ተማሪያቸው ነበር። ከገጠር፣ ከገሳይ መጥቶ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ግማሽ ዓመት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም። «እጅህን አውጣ ልጄ፤ የሚያሳፍረው ዝም ማለት ነው» እያሉ አፉን ያስከፈቱት እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ የጡረታ ሕጉ ሊሻሻል ነው ተባለና ረቂቁ ለውይይት መጣ። ወደፊት ስለሚወጡት ብዙ ይላል፤ ቀድመው ስለወጡት ትንፍሽ አይልም። ለሙላቴም ከላይ ስልክ ተደወለለት፦ «ያለ ኮሽታ ይለቅ፤ ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ይድረሰን።»

በዕለቱ መምህር ዘውዱ ገና በጠዋቱ የፊት ወንበር ይዘዋል። ኮታቸው ተተኩሷል፤ ከኪሱ ደብተር ብቅ ብሏል። ከስንት ዓመት በኋላ የስብሰባው ርዕስ ራሱ ጡረታ ሆነላቸው! ረቂቁ ተነቦ ሳያልቅ እጃቸው ወጣ። ሙላቴ ለሌሎች ዕድል ሰጠ። እጁ አልወረደም፤ ቀኙ ሲዝል በግራ ተካው። አዳራሹ ሁሉ ወደ እሳቸው ማየት ሲጀምር ሙላቴ አንድ ብልጠት መጣለት።

«እንግዲህ ውይይታችን እዚህ ላይ ያበቃል» አለ። «አባታችን መምህር ዘውዱ ይመርቁን።»

መርቁ ሲባል እምቢ የሚል ሽማግሌ በዚህ አገር የለም። ከምርቃት በኋላም ጥያቄ የለም፤ አሜን ያለ ሰው ጋቢውን አስተካክሎ ይወጣል። መምህር ዘውዱ ደብተራቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። ሙላቴን አንዴ አዩት። ከዚያ ደብተሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እጃቸውን ዘረጉ።

«እህሉን ይባርክልን። አገሩን ሰላም ያርግልን። ይኸን ልጄን በጤና ለጡረታ ያብቃልኝ፤ ሲወጣም አስታዋሽ አያሳጣው።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ። ሙላቴም አሜን አለ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ይህም ሆኖ ቢሮው ገብቶ «አንጋፋ ጡረተኞች ረቂቁን መርቀው ደግፈዋል» ብሎ ጻፈና ላከ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መምህሩን አየና ወደ ማዶ ሊሻገር ሲል ጠሩት።

«ሙላቴ! ቃለ ጉባኤው ሄደ?»

«ሄዷል ጋሼ።»

«ጥያቄዬስ አለበት?»

ሙላቴ መሬት መሬቱን አየ። መምህር ዘውዱ ልክ እንደ ሰባተኛ ክፍሉ ጊዜ ታግሠው ጠበቁት። ከዚያ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

የረቂቁ ማጠቃለያ ስብሰባ ባሕር ዳር ሆነ፤ ሙላቴም ተጠርቶ ሄደ። ሰብሳቢው የደብረ ታቦርን ቃለ ጉባኤ ለአርአያነት አነበበው። «…መርቀው ደግፈዋል» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሙላቴ አላጨበጨበም። አንድ እጁ ወደ ላይ ወጥቶ አገኘው። ሰብሳቢው ያላየ መሰለ፤ ሌሎችን አናገረ። ቀኙ ሲዝልበት በግራ ተካው።

«እሺ፣ የደብረ ታቦሩ፤ ባጭሩ።»

ሙላቴ ተነሣ።

«ሁለት ነጥብ አለኝ» አለ። «አንደኛው፣ ያ ቃለ ጉባኤ ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»