አባ ኮዳ መጡ

ወንበሩ ላይ እሾህ ያለ ይመስል፣ ሰው በመጣ ቁጥር «ኖር!» ብሎ ብድግ የሚል ዘመድ አላችሁ? እኛ አለን። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዘውዴ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ለአስተናጋጅ እንኳ የሚነሱ ሰው ናቸው።

የቤተሰባችን የሳፋሪ ጉዞ የመጨረሻ ቀን ነበር። በየፓርኩ ስንዞር ከርመን፣ አንበሳ የተባለውን ፍጡር በዱካው ብቻ አውቀን፣ ልጆቹም አኩርፈው፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ተቀመጥን። ጥብሱ ገና እንደቀረበ ሻጯ «ኧረ አባ ኮዳ መጣ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ዘውዴ ከፋቸው። «‹መጡ› በይ እንጂ የኔ ልጅ! አባት እንዲህ ይጠራል?» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ኖር!» ብለው ተነሱ።

ምን ያድርጉ? አባ ኮዳ ማለት ያ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ቁመቱ ልጅ የሚያህል ወፍ መሆኑን ማን ነግሯቸው? ወፉም አላሳፈራቸውም፤ በተለቀቀለት ወንበር ላይ ዘሎ ወጣና የሳቸውን አሳ ከነጭንቅላቱ ዋጠው። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። አንበሳውን ማን ያስታውሰው!

ጋሽ ዘውዴ ግን ባርኔጣቸውን እንደያዙ ወፉን በትዝብት አዩት።

«አሳውንስ ይብሉት» አሉ፤ «ግን ‹በእግዜር› አይሉም?»