ጋሽ ፍጻሜ የጨረሱት እጅ

ጋሽ ፍጻሜ ጥጥ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ይጠመጥማሉ። ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ውስጥ ነከር፣ ጠርሙሱ አፍ ላይ ጨመቅ። ከዚያ ሸራው ላይ በተሳለው የሴት እጅ ላይ፣ ሳይፈትጉ፣ ያንከባልሉታል። ጥጡ ቀለም ይዞ ሲነሳ ይጥሉትና ሌላ ይጠመጥማሉ። የሚያጠፉት የገዛ ሥራቸውን ነው።

በየሰፈሩ ሰው የጀመረውን ካልጨረስኩ የሚል አንድ ጨራሽ አይጠፋም። የእኛው፣ ፍሬም ሠሪው ክቡር ጋሽ ፍጻሜ ናቸው። የጎረቤት በር ግማሹ ተቀብቶ ካደረ ጠዋት ሙሉውን ተቀብቶ ይገኛል፤ ያውም በሌላ ቀለም። የሰው ወሬም ከመሀል ነጥቀው ይጨርሳሉ። አንዴ አንድ ጎረምሳ እጮኛው ፊት ቆሞ ቃል ቢያጥረው፣ «ላግባሽ ሊልሽ ነው» ብለው ገላገሉት። ልጁ የመጣው ሊለያት ነበር። ዛሬ ሦስት ልጆች አሏቸው።

«ትንሽ ናት እኮ የቀረችው!» ይላሉ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

ሠዓሊዋ ታናሽ እህታቸው እናታቸውን በዘይት ቀለም የሳለቻቸው በአንድ ከሰዓት ነው። ጉንጩ ላይ ወፈር ያለ ሮዝ የብሩሽ ምት፣ ከአገጩ ሥር አረንጓዴ ጥላ። እጁማ ሦስት የብሩሽ ውርወራ ብቻ፤ ጣት የለው፣ ምን የለው። «ፍሬም አድርግልኝ» ብላ ትታላቸው ለሥራ ሩቅ ሄደች። እናትየው ሞቱ። ጋሽ ፍጻሜ አፍንጫቸው ሸራውን እስኪነካ ቀርበው አዩ፦ እናታቸው ያለ ጣት! አምስቱንም ሠሩላቸው፣ ከነጥፍራቸው። ጉንጩን አለሰለሱ፣ አረንጓዴውን አጠፉ።

እህትየው ስትመለስ ሥዕሉ ፊት ቆማ ቀረች።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬን የት አደረስካት?»

«ያቻት! ጣቷ እንኳ ሳይቀር...»

«እማዬ መቼ እጇን አሳርፋ ታውቃለች? ስታወራ የምታወናጭፈውን እጅ እኮ ነው የሳልኩት። እስቲ ከበሩ ሆነህ እያት።»

ከበሩ ሆነው አዩ። የማያውቋቸው ጨዋ ሴትዮ የመታወቂያ ፎቶ ሊነሱ ተቀምጠዋል።

«በቃ፣ ተወው» አለች እህትየው ቀስ ብላ። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

ጥጥ ያነሱት ያኔ ነው። ግን የእሳቸው ቀለም ሲለቅ የእሷም አብሮ ለቀቀ፤ ከሦስቱ ምት የተረፈው የእጅ አንጓው ላይ ያለው ብቻ ነው። ደግመው ወደ በሩ ሄዱ። አሁን እናታቸው አንድ ነገር ሊናገሩ እጃቸውን ሊያነሱ ነው። ጋሽ ፍጻሜ ብሩሽ ይዘው ነበር፤ አፋቸው ላይ የመጣችውን «ትንሽ ናት» ዋጧትና ብሩሹን አስቀመጡት። ሥዕሉ ከነጉድለቱ ፍሬም ገባ።

ዛሬ ሱቃቸው ለሚገባ ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ «እናቴን ከበሩ ሆናችሁ እዩልኝ፣ አትጠጉ። እኔም ብሩሽ ይዤ ስጠጋ ካያችሁኝ፣ አደራ፣ ቀሙኝ።»