ገብረሚካኤል ኮዶችን ዋስ ያስጠራበት ዘመቻ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ማራገቢያ በነገሠበት በመዋዕለ ቬንቲሌተር፣ መዓርገ ኃላፊነትን በተቀባ በአምስተኛው ዓመት፣ በወርኃ የካቲት፣ ከጣርማ በር ግርጌ በቆላው ይፋት፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ጠረጴዛው ሰፊ፣ ማኅተሙ እርጥብ የሆነው ኃያል ገብረሚካኤል በሶፍትዌር ቤቱ ወንበር ተቀምጦ ሳለ ታላቅ ነገር ሆነ።

ይህ ቤት የቀወት ወረዳን ገበሬዎች የመስኖ ተራ በስልካቸው የሚነግር ፕሮግራም ሠርቶ ነበርና፣ ፕሮግራሙም ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች በጻፏቸው አራት መቶ ዐሥራ ሁለት የተውሶ ኮዶች ላይ ቆሞ ነበርና፣ ከእነዚያ አንዱ ቢታመም የገበሬው ተራ ይጠፋል። ናፊሳ የተባለች ባለሙያም ኮዶቹን ሁሉ በሦስት ደቂቃ መርምሮ ሕመምተኛውን በቀይ የሚያሳይ መሣሪያ አመጣች። መሣሪያውም በመጀመሪያው ማለዳ፣ ሁለት ገበሬዎች በአንድ ሰዓት ሲመዘገቡ አንዱን የሚሰርዝ ኮድ አገኘ። ገብረሚካኤል ግን ፈራ፤ መሣሪያ ከመረመረ የእርሱ ፊርማ ለምን ይፈለጋል? ስለዚህ ይህን ዐዋጅ በበሩ ለጠፈ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሰው እንኳ ያለ ዋስ ሥራ አይቀጠርም። ከእንግዲህ እያንዳንዱ የተውሶ ኮድ ዋስ ይጥራ፤ ዋሱም በእጁ መርምሮ ይፈርም። ማሽን ዋስ አይሆንም!»

ወእምዝ ዘመቻው ተጀመረ። ተከተሉትም ሦስት ደስጣ ወረቀት ያተመችው እመቤተ ፕሪንተር ሂዳያ፣ ኮድ የሚበላ ይሁን የሚጠጣ ሳያውቅ ለዘጠና ኮዶች ዋስ የሆነው የበሩ ጠባቂ ጋሼ ሙሀሲን፣ እየሳቀችም እየተቃጠለችም የፈረመችው ናፊሳ። በቀይ ለታየው ኮድ ግን ዋስ የሚሆን ጠፋ። ያን ጊዜ ጀግናው ራሱ፣ ስሙን እንኳ ሳያነብ ፈረመለት፤ ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ መታበት። እንዲህ ያለ ድንቁርና በማኅተም ሲጸና ማየት ያንገበግባል።

ሁለት ሳምንትም አለፈ። የሽንኩርት ገበሬዋ የሐረገወይን ስም በዚያው ኮድ ተሰርዞ ነበርና መልእክት ሳይደርሳት ሁለት ተራ አመለጣት፤ ያላት አንድ ማሳ ሽንኩርት ማበጥ በጀመረበት ሰሞን ጠወለገ። እርሷም ሁለት ጀሪካን ይዛ መጣች፤ ስሟን የሰረዘው የተውሶ ኮድ መሆኑን ከናፊሳ ሰምታ፣ በበሩ የተለጠፈውንም አንብባ በከተማው ፊት ዐወጀች፦

«ያገር ሰው ስማኝ! ስሜን ለሰረዘው ጉድ ዋስ የሆነው ይውጣልኝ! አጥፊው ባሕር ማዶ ከሆነ እኔ ዋሱን እይዛለሁ። ማሳዬ እየነደደ ነው፤ ጀሪካኑ ይኸው!»

መዝገቡ ተገለጠ፤ ዋሱም ገብረሚካኤል ራሱ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ሙሀሲን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። ናፊሳ የታመመውን ኮድ ወዲያው በአዲስ ተካችው፤ የሐረገወይን ቀጣይ ተራ ግን ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር። ስለዚህ ኃያሉ ከረቫቱን ፈትቶ ከሮቢ ወንዝ እስከ ማሳዋ አራት ቀን ውኃ ተሸከመ።

እነሆ ከእርሱ በፊት ለማያውቀው ኮድ ወገቡን የሰጠ አልነበረም፤ ከእርሱም በኋላ አይነሣም። መሣሪያ በሦስት ደቂቃ ያየውን በሁለት ሳምንት ያላየ፣ የሽንኩርቱን እኩሌታ በጀሪካን ያዳነ፣ እኩሌታውን በማኅተም የገደለ ገብረሚካኤል ስሙ ይግነን፤ ምስጋናውንም ሐረገወይን የደረቀውን ስትነቅል ውላ በየመደቡ ታደርስለታለች።