አንድም ያልባከነ ፕላስተር

ለሆስፒታላችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ሐውልት ቢቆምላቸው ያንሳቸዋል። ሰው አዳንን ብሎ የሚፎክር ሐኪም ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ፕላስተር አድነዋል።

ፕላስተሩ ተራ አይደለም። ወደ ደም ሥር ቱቦ የገባበት ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ጀርም በቀዳዳው ሾልኮ ደም ውስጥ እንዳይገባ መድኃኒት የተቀባ መሸፈኛ ነው። ሁለት መቶ ፍሬ መጣልን። ኃላፊው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበትና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ኩላሊታቸው የደከመ አንዲት እናት ነበሩ። ደማቸው በማሽን የሚታጠበው አንገታቸው ላይ በገባ ቱቦ ነው። የክፍሉ ነርስ ቅጽ ይዛ ወደ ንብረት ክፍል ወረደች።

«አንድ ፕላስተር ይስጡኝ።»

«ታማሚዋ ኢንፌክሽን ይዟቸዋል?» አሉ ኃላፊው።

«ኧረ ገና! እንዳይዛቸው ነው እንጂ።»

«ሲስተር፣ ደህና ሰው ላይ ንብረት አይባክንም። ቅጹ ‹የኢንፌክሽን ማስረጃ ይያያዝ› ይላል። ሲይዛቸው ነይ፤ ቢሮዬ ክፍት ነው።»

ነርሷ በተራ ፕላስተር ሸፈነችው። ቱቦው የሰው ቢሮክራሲ አይገባውምና በአምስተኛው ቀን እናትየው ተንቀጠቀጡ፤ ትኩሳታቸው አርባ ገባ። ላቦራቶሪው ደማቸው ውስጥ ጀርም አገኘ። ልጃቸው ሦስት ማኅተም ያረፈበትን ማስረጃ ይዞ እየሮጠ ንብረት ክፍል ደረሰ።

«ጋሼ፣ ይኸው ያሉት ወረቀት!»

ኃላፊው መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡ፤ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ መከላከያ ነው። ከያዛቸው በኋላ ምን ይፈይዳል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!»

«ውሻውን የቆለፈበት ማን ሆነና!» አለ ልጁ።

«ቅሬታህን በጽሑፍ አቅርብ» አሉ ኃላፊው።

በዚያው ሳምንት በተደረገው ዓመታዊ ግምገማ ሪፖርታቸው ሲነበብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፦ ገቢ ሁለት መቶ፣ በእጅ ያለ ሁለት መቶ፣ ብክነት ዜሮ። ዳይሬክተሩ «በኢንፌክሽን መከላከል ዘርፍ ለተመዘገበው አንጸባራቂ ድል» ብለው የምስክር ወረቀት ሸለሟቸው። ታማሚም ይማርበት ዘንድ በኩላሊት ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ።

ማጣበቂያ ግን ከየት ይምጣ? ኃላፊው ለተቋሙ ክብር ሲሉ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። አራት ፕላስተር ወጣ፤ ለአራቱ ማዕዘን።

የእናትየው ትኩሳት ገና ጋብ ማለቱ ነው። የተበከለው ቱቦ ወጥቶላቸው፣ በማግስቱ በሌላው የአንገታቸው ጎን አዲስ ሊገባላቸው ቀጠሮ ተይዟል። ከአልጋቸው ቀና ብለው አዩ።

«ሲስተር፣ ግድግዳው ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም፣ እማማ» አለች ነርሷ። «እንዳይዘው ነው።»